የእመቤት ፋንድያ

ሚጣ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሚጣ ብላ የምትጠራት ግን እናቷ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሰው «የላቦራቶሪዋ» ናት። በጤና ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ የሰፈሩን ሰው የሆድ ገመና ስታይ ኖራለች። መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉ አሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ምን ይዘው እንደነበር ታውቃለቻ! እሷ ግን የማንንም ትል ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

የዚህች ሴት እናት ናት እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ሆዷን ታማ ከገዛ ልጇ የደበቀችው።

እናትየው በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ስለኖረች ዝም ማለት አይሆንላትም። ገና ዓይኗን ስትገልጥ ወሬ ትጀምራለች፤ የሚሰማት ከጠፋ ለሬዲዮው መልስ ትሰጣለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ግራ ጆሮዋ ጩኸት ለመንገደኛው ሁሉ ታወራለች። ስለ ሆዷ ግን ጭጭ። ሚጣም ነገሩን የጠረጠረችው በዚሁ ነው። ከዚያ የእናቷ የእጅ ሰዓት ወደ ክንዷ መንሸራተት ጀመረ፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋ፤ ሳህኗም ግማሹ ሳይነካ መመለስ አመጣ።

«እማዬ፣ ሆድሽን ያምሻል እንዴ?»

«ማን? እኔ? ምን በወጣኝ!»

«ትናንት ወንበሩ ላይ ጎብጠሽ አየሁሽ እኮ።»

«መርፌ ወድቆብኝ ስፈልግ ነው።»

ሚጣ ከቦርሳዋ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ነገ ጠዋት በዚች ትንሽ አድርጊልኝ።»

እናቷ ዕቃዋን እንደ ጊንጥ አየቻት። «ስሚ አንቺ ልጅ፤ ያንቺን እኔ ነኝ ያየሁት፤ ያጠብኩት፤ ልብሴ ላይ ያደረቅኩት። የኔን ደግሞ አንቺ አታዪም። አለቀ።»

«ሥራዬ እኮ ነው እማዬ!»

«ሥራሽን ሥራ ቤትሽ።»

ሚጣ እናቷን ታውቃታለችና አልተከራከረችም። ዕቃዋን ግን ከጠረጴዛው አላነሳቻትም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የላቦራቶሪው መስኮት ተንኳኳ። እናቷ ናት፤ ጥሩ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ፣ ትልቁን የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ግራ ቀኝ አየችና በጋዜጣ፣ ከዚያ በፌስታል፣ ከዚያ እንደገና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በመስኮቱ አሾለከች።

«የዚያች የማዕዘኗ ጎረቤታችን ነው» አለች በሹክሹክታ። «እሷ አፍራ እኔን ላከችኝ።»

ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ ብዕር አነሳች። «ስሟን ማን ልበል?»

«ጎረቤት በያት።»

«ጎረቤት። ፆታ፣ ሴት። ዕድሜ፣ ስልሳ ስምንት።»

«ዕድሜዋን በምን አወቅሽ?» ብላ እናቷ አፈጠጠችባት።

«ገመትኩ።»

እናቷ ትንሽ ቆማ ልጇን ስታጠናት ቆየችና፣ «ደህና ገማች ነሽ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ያን ቀን ሚጣ ሌላውን ሥራ ጨርሳ «ጎረቤትን» ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ስላይዱን አዘጋጅታ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፈች። ሦስተኛው እይታ ላይ አገኘቻት፤ ስስ ቅርፊት ያላት፣ ውስጧ የታጨቀ ሞላላ እንቁላል። ማንም ባለሙያ ቢሆን «መንጠቆ ትል» ብሎ ጽፎ ወደ ቀጣዩ ያልፍ ነበር። ሚጣም እጇ ሊጽፍ ተነስቶ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከናት። መንጠቆ ትል በባዶ እግር አፈር የሚረግጥን ሰው በቆዳው በኩል ነው የሚገባው። እናቷ ደግሞ እንኳን ጓሮዋን ልትረግጥ፣ መታጠቢያ ቤት እንኳ ያለ ጫማ አትገባም።

እንደገና አየቻት። በማይክሮስኮፑ ዓይን ውስጥ ባለችው ትንሽ ማስመሪያ ለካቻት። ረዝማለች። አንደኛው ጫፏም ሾጠጥ ያለ ነው። ሁለተኛዋን ለካች፤ እሷም ረጅም ናት። ሚጣ ተማሪ ሳለች በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ያየችው ሥዕል ትዝ አላት፤ ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ ስለ ሣር በል እንስሳት የሚያወራ ነበር።

የጤና ጣቢያው ግቢና የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ የሚዋሰኑት በሽቦ አጥር ነው። ሚጣና የእንስሳት ሐኪሟ በዚያ አጥር ቀዳዳ ስላይድና የማቅለሚያ ብልቃጥ ሲዋዋሱ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሟ ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። በሬ ስታክም «አይዞህ የኔ ጌታ» እያለች ነው፤ የበሬውን ባለቤት ግን ታመናጭቀዋለች። ሚጣ ስላይዱን በአጥሩ አቀበለቻት፤ ሐኪሟም ይዛው ገብታ ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች።

«ይቺ ከየት መጣች?»

«ከጎረቤታችን።»

«ጎረቤታችሁ ስንት እግር አላት?»

«ሁለት።»

«ጉድ ነው!» አለች ሐኪሟ። «እኔ እንዲህ ያለችዋን የማገኘው ከበግና ከከብት ነው። አንዷ ዘር ደግሞ ፈረስና አህያ ጨጓራ ውስጥ ትኖራለች። ሰው ላይ አልፎ አልፎ ነው የምትገኘው። አትገድልም፤ ግን ስትበዛ ሆድ ትበጠብጣለች፤ ታከሳለች።»

«ሰው ውስጥ እንዴት ትገባለች?»

«አህያዋ እንቁላሉን ከፋንድያዋ ጋር ትጥላለች። እርጥበት ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ እጩ፣ ማለት ጨቅላው ትል፣ ቅጠል ላይ ይወጣል። አህያዋ ያን ቅጠል ስትበላ ተመልሶ ሆዷ ይገባል። ሰው ቀድሟት ከበላው ደግሞ...» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። «ጎረቤታችሁ ጥሬ ቅጠል ትወዳለች?»

ሚጣ ስላይዱን ተቀበለቻት። ከቤታቸው ጀርባ ያሉት አራቱ የሰላጣ መደቦች ፊቷ ላይ ድቅን አሉ።

የሚጣ እናት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የጓሮዋ ሰላጣ ሕይወቷ ሆኗል። ጠዋት ትኮተኩተዋለች፤ ቀትር ላይ በሎሚና በጨው ትበላዋለች፤ ማታ ስለ እሱ ታወራለች። በተለይ ካለፉት ስምንት ወራት ወዲህ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሏል። ምስጢሩ ደግሞ አባ ዝምታ ናቸው።

አባ ዝምታ ውኃ በጋሪ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ በቀን ውስጥ የሚናገሩት ቃል በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራልና። ከዚያችም ውስጥ አብዛኛዋ ለአህያቸው ናት። አህያዋን «እመቤት» ይሏታል። ግራጫ ናት፤ ጉሮሮዋ ሥር ነጣ ያለች፤ ኮቴዋ ሁልጊዜ የተጠረገ፤ ስትሄድም ስሟን የምታውቅ ትመስላለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሪው የጓሮውን በር ተጠግቶ ይቆማል። አባ ዝምታ ወርደው በንጹሕ ጆንያ የተሸፈነ ባልዲ በሁለት እጃቸው ያቀርባሉ። ባልዲው ውስጥ ያለው የእመቤት ፋንድያ ነው፤ ትኩስ፤ ገና የሚተን።

«እንደምን አደሩ?» ትላለች የሚጣ እናት።

«ይመስገን» ይላሉ አባ ዝምታ።

ከዚያ እሷ ታወራለች፤ እሳቸው ይሰማሉ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሩብ ሰዓት። እመቤት ራሷ መሰላቸት ስትጀምር ጋሪው ይንቀሳቀሳል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ እናቷ ከጓሮው ምርጡን ሰላጣ ቆርጣ፣ በክር አስራ ለአባ ዝምታ ትሰጣቸዋለች። ለሌላ ሰው አንዲት ቅጠል አይወጣም፤ በሰላጣዋ ስስታም ናት። ሚጣ ከቤት ሳትወጣ ፀጉሯን ስታበጥር፣ በሌላው መስተዋት ደግሞ እናቷ ፀጉሯን ስታበጥር ማየት ጀምራ ነበር። ለባልዲ ፋንድያ! ሚጣ አይታ እንዳላየች አለፈች። ደስም ብሏት ነበር።

አሁን ምን ልታደርግ ነው?

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር ጨረሰች። ለጤና ጣቢያው ሐኪም እውነቱን ነገረችውና ሳቁን ውጦ የትል መድኃኒት ጻፈላት። ማታ መድኃኒቱን ከእናቷ ፊት አስቀምጣ፣ «ይሄን ለጎረቤታችን ስጫት፤ አንድ ጊዜ ትውጠው። ጥሬ ቅጠል ደግሞ ለጊዜው ይቅርባት» አለቻት።

«ሰላጣ? ሰላጣ ምን አደረገ?»

«ሳረጋግጥ እነግርሻለሁ» አለችና ሚጣ መጋረጃውን ልታስተካክል ወደ መስኮቱ ዞረች። ከኋላዋ ብርጭቆ ሲነሳና ውኃ ጉሮሮ ውስጥ ሲወርድ ሰማች። መጋረጃውን ደጋግማ አስተካከለችው።

ለማረጋገጥ የእመቤት ፋንድያ ያስፈልግ ነበር። ሐኪሟ እንዳለችው ከእንቁላሉ ብቻ አይፈረድም፤ ፋንድያውን በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ አድርጋ ሳምንት አስር ቀን ታስቀምጠዋለች፤ እጩ ወጥቶ ሲያድግ ማንነቱ ይለያል። ስለዚህ በማግስቱ ሚጣ ከሥራ ስትመለስ አባ ዝምታን ከውኃ ቦኖው አጠገብ ጠብቃ፣ «አባባ፣ ለኔም ከእመቤት ትንሽ ያመጡልኛል?» አለቻቸው።

አባ ዝምታ ፊታቸው በራ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ባልዲ ይዘው መጡ። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፤ አዲስ፤ ጆንያ ሳይሆን ነጭ ጨርቅ ለብሳለች። ውስጧ ያለው ፋንድያ ገለባው ተለቅሞ ወጥቶለታል። ሚጣ ጨርቁን ገልጣ አይታ ሆዷ ባባ። ማንኪያ የማትሞላ ነበር የሚያስፈልጋት።

«ልጅዎም አትክልት ልትጀምር ነው?» ዓይነት ነገር በዓይናቸው ጠየቁ እናቷን።

«እሷ እቴ!» አለች እናቷ እየሳቀች። «እሷ ያልበሰለ ነገር እንኳ አትቀምስም። ሥራዋ አስደንብሯታል።»

እውነቷን ነው። ሚጣ ሃያ አንድ ዓመት ጥሬ ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም። የራሷንም መርምራ ነበር፤ ንጹሕ ናት።

በአሥረኛው ቀን የእንስሳት ሐኪሟ ከአጥሩ ማዶ ጠራቻት። «ያቺው ናት» አለች። «የአህያዋ ሆድ ሞልቷል። ደግሞ ፋንድያዋ ገለባው ተለቅሞ የሚመጣ አህያ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሙሽራ ነው መሰል የምትያዘው! እንዲያመጧት ንገሪልኝ፤ እሷን ሳናክም ጓሮው አይጸዳም።»

ሚጣ ያን ማታ እራት ከበሉ በኋላ እናቷን አስቀምጣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። እንቁላሉን፣ እጩን፣ ቅጠሉን፣ ባልዲውን።

«ከእመቤት?» አለች እናቷ። «ከዚያች ጨዋ አህያ?»

«ጨዋነት ትል አያግድም እማዬ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ፋንድያው ትኩስ መሆኑ ነው። ወራት ተከምሮ፣ ግሎ፣ ቢበሰብስ ትሉ ይሞት ነበር። ለጎረቤታችንም...»

«የምን ጎረቤት?» አለች እናቷ በንዴት። ከዚያ ትዝ ሲላት ፊቷ ቀላ፤ በእጇ ሸፈነችው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን እናቷ የሚጣን ክንድ ያዘች።

«እሳቸው እንዳይሰሙ።»

«እማዬ...»

«እንዳይሰሙ አልኩሽ! እኔ ባልዲውን እቀበላለሁ፤ ሲሄዱ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ። ማንን ይጎዳል? ስምንት ወር ሙሉ፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ ላስቲክ ለብሰው ነው የመጡት። እንዴት አድርጌ ነው ‹ያመጡልኝ ነገር አሳመመኝ› የምላቸው?»

ሚጣ ሌላ ጥያቄ አነሳች። «በየዓርቡ የምትሰጫቸውን ሰላጣ እንዴት ነው የሚበሉት?»



«በሎሚ ይብሉት ብያቸዋለሁ» አለች እናቷ፤ ድምጿ ወርዶ። «ሳይበስል ነው ቪታሚኑ ብያቸዋለሁ።» ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ሰብስባም መልሳ አስቀመጠቻቸው። «ሰሞኑን ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ሲይዙ አይቻለሁ። የጋሪው ነው ብዬ...» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ንገሪያቸው። ነገውኑ ንገሪያቸው። ግን ቀስ ብለሽ።»

ሚጣ ቀስ ብሎ መንገር አታውቅበትም። ሥራዋ ውጤት መጻፍ ነው፤ አለ ወይም የለም። በማግስቱ ውኃ ቦኖው ጋ አባ ዝምታን ከሰው ነጥላ፣ እመቤት ትል እንዳለባት፣ ትሉ በፋንድያው ወደ ሰላጣው፣ በሰላጣውም ወደ እናቷ እንደተሻገረ በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። «እርስዎም ቢመረመሩ ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። እናቷ አሁን ደህና መሆኗን ልትጨምር ስትል ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ጋሪው ላይ አልወጡም። ልጓሟን ይዘው፣ ከእመቤት ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጋሪው አልመጣም። በሁለተኛው ቀንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የሚጣ እናት ሬዲዮውን አጠፋችው። ያን የመሰለ ነገር ሚጣ አይታ አታውቅም። እናቷ ፀጉሯን አበጥራ፣ የጓሮው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቃል ሳትናገር መንገዱን ታያለች። ሚጣ ሻይ ብታቀርብላት «እሺ»፤ ልሂድ ብትላት «እሺ»። ሚጣ መንገድ ላይ ራሷን ስትረግም ሥራ ደረሰች። ምናለ ጥቂት ለስለስ አድርጌ ብነግራቸው! ምናለ መጀመሪያ ‹እናቴ ድናለች› ብል!

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሟ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች። «አንቺ! ነይ እስቲ!»

ሚጣ ሄደች። ሐኪሟ የብረት ቆርቆሮ ይዛለች፤ ክዳኗ በክር የታሰረ።

«ሽማግሌሽ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ነበሩ» አለች። «ከአህያዋ ጋር። መድኃኒቱን ከፊታቸው ሰጠኋት፤ ይሂዱ ብላቸው አይሄዱም። ‹መጥራቷን ካላየሁ አልሄድም፤ የሰው ቤት አበላሽቻለሁ› ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ይቺን ሰጡኝ።» ቆርቆሮዋን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከች። «‹እሷን ያከመች ሐኪም እኔንም ታክመኝ› ብለው። እኔ ሁለት እግር ያለው አላክምም። ውሰጃት።»

«ምንም አላልሻቸውም?»

«ምን እላለሁ? ሻይ አጠጣኋቸው» አለች ሐኪሟ፤ ሰውን በማመናጨቅ የምትታወቀው። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ጥሩ ሰው ናቸው» ብላ አጉረመረመች።

ሚጣ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ስላይድ አዘጋጅታ አየች። ብዙ አልፈለገችም፤ የመጀመሪያው እይታ ላይ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ። ሾጠጥ ያሉ፤ ረጃጅም። በእናቷ ስላይድ ላይ ካየቻቸው ጋር አንድ ናቸው። ወንበሯን ተደግፋ ጣሪያውን እያየች ቆየች።

መድኃኒቱን አስጽፋ ይዛ ቤት ገባች። ለእናቷ ስለ ቆርቆሮዋ አልነገረቻትም፤ የሰው ገመና ነው። «አባ ዝምታ ጋ መድኃኒት የማደርሰው አለኝ» ብቻ አለች። እናቷ ከበርጩማው ተነስታ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እኔም የማደርሰው አለኝ።»

«ምን?»

«ራሴን» አለች እናቷ።

የአባ ዝምታ ቤት ከውኃ ቦኖው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ናት። አንድ ክፍል፤ ከጎኗ የእመቤት ጋጥ። ጋጡ ከክፍሏ ይሰፋል። ሚጣ እናቷን የግቢው በር ላይ አቆመቻት። «ትንሽ ቆዪልኝ እማዬ። መጀመሪያ ለብቻቸው የምነግራቸው አለ።»

አባ ዝምታ ጋጡን እየጠረጉ ነበር። ወለሉ እንደ ሳህን ታጥቧል። ሚጣን ሲያዩ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ሚጣ ተጠግታ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በዚህ ጊዜ ቀስ ብላ፣ በእሳቸውም ሆድ ውስጥ ያው ትል እንደተገኘ፣ ምንም የሚያስፈራ እንዳልሆነ፣ ይሄንን ውጠው እንደሚድኑ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው መድኃኒቱን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ሚጣ ያልጠበቀችው ነገር መጣ። ዓይናቸው ሰፋ፤ ጉንጫቸው ተነሳ። የግቢውን በር አሻግረው የሚጣን እናት አዩና፣ ሰፈሩ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣

«እኔም አለብኝ!» ብለው ጮኹ።

እመቤት ጆሮዋን አቀናች።

«ምን አሉ?» አለች የሚጣ እናት ከበሩ።

«እኔም ጋ ተገኘ! ያው ትል! የእርስዎ ብቻ አይደለም!» ሎተሪ የወጣለት ሰው እንኳ እንዲህ አይጮህም።

እናቷ ግቢውን ሁለት ሦስት እርምጃ ገብታ ቆመች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። ሳቁም እንባ ቀላቀለ፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ከኔው ሰላጣ ነው እኮ የያዝዎት!» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁዎት! ‹በሎሚ ይብሉት› ብዬ!»

«ከኔ ፋንድያ ነው» አሉ እሳቸው።

«ከኔ ሰላጣ ነው አልኩ!»

«ፋንድያው ባይኖር...»

«ኧረ እመቤት ናት!» አለች ሚጣ። ሁለቱም ወደ አህያዋ ዞሩ። እመቤት ሣሯን ታላምጣለች።

አባ ዝምታ በርጩማ አምጥተው ለሚጣ እናት አስቀመጡላት፤ ራሳቸው ቆሙ። ትንሽ ቆይተው፣ መጥረጊያውን እያዩ መናገር ጀመሩ። ሚጣ እሳቸው እንዲህ ሲናገሩ ያየችው ያን ቀን ነው።

«እኔ ወሬ አላውቅም» አሉ። «ሚስቴ እያለች እሷ ታወራ ነበር፤ እኔ እሰማ ነበር። ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን በእርስዎ ጓሮ በኩል ሳልፍ ለጎመን ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ለሰላጣ ነው» አለች እናቷ።

«ለሰላጣ። ቆሜ ሰማሁ። በማግስቱም በዚያው መጣሁ። ግን ሰው በሰው በር ላይ እንዲሁ አይቆምም። ምን ይዤ ልምጣ? ያለኝ ውኃ ነው፤ ውኃ እርስዎም አለዎት። ሌላ ያለኝ የእመቤት ፋንድያ ነው።» እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። «ሌላ የማመጣው አጣሁ።»

የሚጣ እናት በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የማታውቀውን ሰው ሁሉ «እርስዎ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ለፖስተኛው «እርስዎ»፣ ለጎረቤት ልጅ እንኳ ስትቆጣ «እርስዎ»።

«አንተ ሰው» አለች። «ባዶ እጅህን ብትመጣ ማን ይመልስህ ነበር?»

አባ ዝምታ ያቺን «አንተ» ሲሰሙ መጥረጊያውን ያዙት፤ ይዘውም ለቀቁት። ሚጣ እዚህ ግቢ ውስጥ ትርፍ እንደሆነች ገባት። ውኃ ላምጣልዎት ብላ ወደ ቤቱ ገባች፤ ንጹሑንም ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ቆየች። ስትወጣ እናቷ ስለ ግራ ጆሮዋ ጩኸት ታወራለች፤ ሽማግሌው በሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ውኃውን ከእጇ ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ከእናቷ ላይ ሳያነሱ መድኃኒቱን ዋጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አራቱም መደቦች ተነቀሉ፤ እናቷ ሰላጣዋን ስትነቅል አለቀሰች፤ አልደበቀችም። አፈሩ ተገላብጦ ፀሐይ እንዲመታው ተተወ፤ ቆይቶ ተቀቅሎ የሚበላ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ገባበት። የእመቤት ፋንድያ አሁን ከጋጡ ጀርባ በላስቲክ ተሸፍኖ ይከመራል። አባ ዝምታ በየሳምንቱ ያገላብጡታል፤ እጃቸውን ከላዩ አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ፤ እስኪበሰብስ ወራት ይቀሩታል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሪው እንደ ወትሮው ይመጣል። አባ ዝምታ ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ነበር፤ እናቷ ሻይ አስያዘቻቸውና ተገላገሉ።

በወሩ ሁለቱም ለድጋሚ ምርመራ ጤና ጣቢያው መጡ። እናቷ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ቆማ የገዛ ስሟን ጮክ አድርጋ አስመዘገበች፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ሚጣ አየች፤ ሦስት ሦስት ጊዜ አየች። የሁለቱም ንጹሕ ነው።

«ልጄ» አሉ አባ ዝምታ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ «እስቲ ትሏን አሳዪኝ።»

ሚጣ ያን ጊዜ ያስቀረችውን ስላይድ ከሳጥኗ አውጥታ አስተካከለችላቸው። አባ ዝምታ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። የእጃቸው ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ በስሱ ይዘዋል።

«ይቺን ታህል?» አሉ።

«ይቺን ታህል ናት። እንቁላሏ ነው ይሄ።»

«የማን ናት? የኔ ናት የእሷ?»

ሚጣ ስላይዱ ላይ የጻፈችውን አየች። ሃያ አንድ ዓመት ጠብቃ የቆየችውን ደንብ ልታፈርስ አልፈለገችም። «የአንዳችሁ ናት» አለች።

«ዞር በልልኝ እስቲ፣ እኔም ልያት» ብላ እናቷ በክርኗ ገፋ አደረገቻቸው። አባ ዝምታ ቦታውን ለቀቁላት፤ ባርኔጣቸውን ግን መልሰው አላደረጉም፤ ጎንበስ ብላ እስክታይ ድረስ ቦርሳዋን ያዙላት።